ላልነደደው ቤት የሚቀመጥ ውኃ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር የሚገባውን መንገድ ይዞ ያለው ገጠር በዓመት ሁለት መልክ አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም መሬቱ ይረሰርሳል፣ ጣራ ሁሉ ያንጠባጥባል። ጥቅምት ከገባ በኋላ ዝናቡ ያባራል፤ ሣሩ ይደርቃል፣ ጤፉ ታጭዶ ይከመራል፣ ከተወቃ በኋላም ጭዱ ለከብት ቀለብ እንዲመች ከቤት አጠገብ ይቆለላል። ከሣር ክዳኑ አጠገብ ጭድ፣ ከጭዱ አጠገብ ኩበትና ማገዶ፣ ከዚያ ወዲያ ቅርፊቱና ቅጠሉ የረገፈ ባሕር ዛፍ አለ። እሳት ደግሞ ከቤት ጠፍቶ አያውቅም፤ ምድጃው ይነዳል፣ ማር ቆራጩ ያጨሳል፣ ማሳውን ለማጽዳት ገለባ የሚያቃጥል ይኖራል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ምክንያት የተለመደው ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የማቃጠል ልማድም የሚውለው ክምሩ በሚበዛበት ሰሞን ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አንድ ነው፤ በዚህ አገር ለእሳት ተብሎ ውኃ በየቤቱ መቀመጥ አለበት፤ የሚቀመጠው ግን ለሚነደው ቤት ሳይሆን ገና ላልነደደው ነው።

ጎጆ ሲቃጠል ኡኡታ ይሰማል፣ ጎረቤት በእጁ የገባለትን ጀሪካንና እንስራ ይዞ ይሮጣል፣ የደረሰው ሁሉ ውኃውን በነበልባሉ ላይ ይደፋል። ሩጫው የሚያስከብር ነው፤ ውኃው ግን ያለ ቦታው ፈሰሰ። ሒሳቡን እንየው። አንድ ኪሎ ደረቅ ሣር ሲቃጠል 15 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ይለቃል። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ተንኖ እስኪያልቅ የሚወስደው ሙቀት ደግሞ 2.6 ሜጋጁል ገደማ ነው። የአንዲት ጎጆ ክዳን 500 ኪሎ ሣር አለው ብንል፣ ያን ሁሉ ሙቀት ለመዋጥ ወደ 2,900 ሊትር ይፈልጋል፤ ከ140 በላይ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። እሳት ለማጥፋት የግድ ሙቀቱን ሁሉ መዋጥ አያስፈልግም፤ ሲሶው ይበቃል ቢባል እንኳ 50 ጀሪካን የሚጠጋ ውኃ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ ሳይባክን፣ ከሚፋጅ ጣራ ላይ መድረስ አለበት። ይህ በሰው እጅ የሚሆን አይደለም። ውኃው ያለው ከታች ከሸለቆው ነው፤ ሱሃንና ሙጋን የመሰሉት ወንዞች ወደ ዓባይ የሚወርዱት መሬቱን ሰንጥቀው ሲሆን ሰው የሚኖረው ከሜዳው ላይ ነው።

አሁን ስለ ጎረቤቱ ጎጆ እናስላ። ስፋቷ ስድስት ሜትር የሆነች ክብ ቤት ክዳኗ 40 ካሬ ሜትር አካባቢ ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ ሊትር ብናርከፈክፍ 40 ሊትር፣ ሦስት ጊዜ ብንደግመው 120 ሊትር ይሆናል። ከአንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል ይተርፋል። ሣር ክዳን የሚከደነው ውኃ እንዳያስገባ ነውና ቢረጩበትም ይንሸራተታል የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ነገር ግን በነፋስ የሚመጣው ፍንጣሪ የሚያርፈው ከላይ ነው፤ ላዩ እርጥብ ከሆነ ሳይዝ ይሞታል። ለዚህ ነው ከጉልላቱ ወደ ታች ደጋግሞ መርጨት፣ ነፋስ በሚነፍስበት በኩል ደግሞ የተነከረ ጆንያ መዘርጋት የሚያዋጣው። ያው አንድ በርሜል ውኃ በሚነደው ቤት ላይ ቢደፋ እንፋሎት ብቻ ነው፤ ባልነደደው ላይ ቢረጭ ግን አንድ ቤት ከነንብረቱ ያተርፋል።

ሰደድ እሳት የለመዱ አገሮችም የደረሱበት ይህንኑ ነው። በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት በየካቲት 2009 እ.ኤ.አ. በተነሣው ቃጠሎ 173 ሰዎች ሞተዋል። በእንዲህ ያለው ቃጠሎ ብዙ ቤት የሚያዘው ነበልባሉ ራሱ ሲነካው አይደለም፤ ነፋስ ቀድሞ የሚያመጣው ፍም ከአሸንዳና ከጣራ ሥር ሲገባ ነው። ስለዚህ በዚያ ግዛት ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ለእሳት ብቻ የሚሆን 10,000 ሊትር ውኃ እንዲያስቀምጥ ይመከራል። የእኛው የቅርብ ምሳሌ የሰሜን ተራሮች ናቸው። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ፓርኩ ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት ባለሙያዎች መጥተዋል። እነሱ እስኪደርሱ ከእሳቱ ጋር ሲታገል የነበረው ግን ቅጠል በእጁ የያዘው የአካባቢው ሕዝብ ነው። ከሩቅ የሚመጣ እርዳታ ለተራራ ይደርስ ይሆናል፤ በሩብ ሰዓት ለምታልቅ ጎጆ አይደርስም።

ውኃው ከየት ይመጣል? ከጣራ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። በምሥራቅ ጎጃም ደጋ ነሐሴ ብቻውን ከ200 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ዝናብ የሚሰጥ ወር ነው። መሬት ላይ 40 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ፣ በዚያ ወር 6,400 ሊትር ይሰበስባል። የሚያስፈልገው አሸንዳ፣ የውኃ መውረጃና መያዣ ነው፤ አቅም ላለው ሮቶ፣ ለሌለው ሁለት በርሜል ወይም የሞሉ ቢጫ ጀሪካኖች። ቤቱ የሣር ክዳን ከሆነ የጎረቤት፣ የትምህርት ቤት ወይም የቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ያገለግላል። አቀማመጡ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ፕላስቲክ በሙቀት ይቀልጣልና ከቤቱና ከጭዱ ራቅ ብሎ፣ ቢቻል ከድንጋይ ካብ ጀርባ ይሁን። ሮቶውን በሁለት ሜትር ቆጥ ላይ ሰቅሎ በጎማ ጣራ ላይ እረጫለሁ ማለት አይሠራም፤ ሁለት ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት ትንሽ ስለሆነ ውኃው ከራሱ ከሮቶው ከፍታ በላይ አይወጣም። በኤሌክትሪክ ፓምፕ መመካትም አያስተማምንም፤ ቃጠሎ ሲነሣ መብራት ሊጠፋ ይችላል። ይልቅ ባልዲ፣ መሰላል፣ ጆንያ፣ እንዲሁም ብዙ ገበሬ ለጤፍ አረም የሚጠቀምበት በጀርባ የሚታዘል መርጫ ይዘጋጁ። ኬሚካሉ በደንብ ታጥቦ የወጣለት መርጫ ከሩቅ ስለሚረጭ ፍንጣሪን ለማሳደድ ከባልዲ ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የሴቶቹ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ለመጠጥ የሚሆን ውኃ ጀርባ እያጎበጠ ከሩቅ በሚቀዳበት ቤት የሞላ በርሜል ሳይነካ ይቀመጥ ማለት ግፍ ይመስላል። መልሱ ምክር ሳይሆን ቧንቧ ነው። ከሮቶው ውኃ የሚቀዳበት ቧንቧ ከሥሩ ሳይሆን ከወገቡ ላይ ይተከል፤ ከቧንቧው በላይ ያለው ለቤት ይውላል፣ ከታች ያለው ግን እንደ ልብ ስለማይቀዳ ይቀራል። ደለሉም የሚተኛው እዚያው ነው፤ እሳት ደግሞ ደለል አይመርጥም። የታችኛው መውጫ በሰፊ መክፈቻ ተዘግቶ ለክፉ ቀን ይጠበቃል። እንዲህ ሲሆን ውኃው የሴቶቹን ድካም የሚጨምር ሳይሆን የሚያቃልል ይሆናል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በዘመቻ ተቆፍረው የነበሩት የየቤቱ ኩሬዎችም ውኃ በየቤቱ ማከማቸት እንደማያዋጣ ማስረጃ ሆነው ይቀርባሉ። ፕላስቲኩ ተቀደደ፣ ውኃው ሰረገ፣ ልጅና ከብት የሚገባበት ጉድጓድ ሆነ፤ ብዙዎቹም ተትተዋል። ይህን አልክድም። ኩሬው ግን የተቆፈረው ለመስኖ ነው፤ ለአንድ አትክልት ቦታ እንዲበቃ ትልቅና ክፍት መሆን ነበረበት። ለእሳት የሚበቃው ከዚያ በጣም ያነሰ ስለሆነ ከነክዳኑ ሊያዝ ይችላል። ክዳኑ ለትንኝም መልስ ነው፤ ቢቸናና ሞጣ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆናቸው ወባው እንደ ዓባይ በረሃ አይከብድም፤ ወደ ቆላው በወረዱ ቀበሌዎች ግን ክፍት በርሜል ማስቀመጥ አይገባም።

ከተሜው የቆርቆሮ ቤት አይነድም ሊል ይችላል። ቆርቆሮው አይነድም፤ ከሥሩ ያለው የባሕር ዛፍ ማገርና ከማዳበሪያ ጆንያ ተሰፍቶ የተወጠረው ኮርኒስ ግን ይነዳል። የተጠጋጉ ቤቶች ባሉበት ሰፈር እሳቱ በኮርኒስ ሥር ሲሄድ ከውጭ አይታይም። እዚህ ጣራውን ከላይ ማርጠብ ትርጉም የለውም፤ ውኃው የሚረጨው በጣራው ክፈፍ፣ በበርና በመስኮቱ፣ በግድግዳው ላይ ነው፤ ያውም የመብራት ቆጣሪው ከጠፋ በኋላ። የፈሰሰ ናፍጣ ወይም ዘይት ከተያያዘ ደግሞ ውኃ ያስፋፋዋል፤ አፈርና አመድ ይሻላል። የእሳት አደጋ መኪና የመንግሥት ሥራ ነው የሚለውም ትክክል ነው፤ መጠየቅም ይገባል። መኪናው ሲመጣ ግን እሱም ውኃ ይጨርሳል፤ የሚሞላበት ያስፈልገዋል።

ይህን ሁሉ አንድ አባወራ ብቻውን መሸከም የለበትም። ድንኳንና ድስት በጋራ የሚገዛው ዕድር መሰላሉንና መርጫውንም በጋራ ሊይዝ፣ ማን ወደ የትኛው ጣራ እንደሚወጣ አስቀድሞ ሊመድብ ይችላል። አሸንዳው መጠገን ያለበት ሐምሌ ሳያልቅ ነው፤ የነሐሴ ዝናብ ካመለጠ የመስከረሙ አያስተማምንም። ኅዳር ላይ ክምሩ ከመቆለሉ በፊትም የታችኛው መክፈቻ አንድ ጊዜ ይከፈትና ውኃው በእርግጥ እንደሚወርድ ይታይ።