የቲታን ሜቴን የማን ነው?

የሳተርን ትልቋ ጨረቃ ቲታን ባሕርና ሐይቅ አላት፤ የያዙት ግን ፈሳሽ ሜቴንና ኢቴን ነው። የካሲኒ መንኮራኩር የላከውን የራዳር መረጃ ያጠኑ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ግምት፣ ክምችቱ በምድር ላይ ከታወቀው የነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ ክምችት በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ይህን የሰማ ሁሉ ማን ሄዶ እንደሚያመጣው ይጠይቃል። ከዚያ የሚቀድመው ጥያቄ ግን የማን ነው የሚለው ነው፤ እሱም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል።

ወደ ምድር ማምጣቱ የማይታሰብ ነው። ለምድር ቅርብ ከሆነው ቤኑ ከተባለው አስትሮይድ አፈር ለማምጣት አሜሪካ ሰባት ዓመትና ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቶባታል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 እጇ የገባው 121.6 ግራም ነው። ሳተርን ደግሞ ከቤኑ ጋር በርቀት አይወዳደርም። ጥቅሙ እዚያው ጠፈር ላይ ለሮኬት ነዳጅነት ነው። ለምሳሌ የጁፒተር ጨረቃ የሆነችው ዩሮፓ ገጿ በሙሉ በረዶ ነው፤ በረዶው ውሃ፣ ውሃው ደግሞ ሲሰነጠቅ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን፣ ማለትም የሮኬት ነዳጅ ይሆናል። የቲታን ሜቴንም ቢሆን አየሯ ኦክስጅን ስለሌለው ብቻውን አይነድም፤ ኦክስጅኑ ከመሬቷ በረዶ መውጣት አለበት። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ኃይል ከፀሐይ አይገኝም፤ ሳተርን ዘንድ የሚደርሰው ብርሃን እኛ ከምናገኘው ከዘጠና አንዱ እጅ ገደማ ብቻ ነውና።

እ.ኤ.አ. የ1967ቱ የጠፈር ስምምነት አንቀጽ 2 ማንም አገር በሉዓላዊነት፣ በመጠቀምም ሆነ በመያዝ የሰማይ አካልን የራሱ እንዳያደርግ ይከለክላል። ተቆፍሮ ስለወጣው ነገር ግን በግልጽ አይናገርም። የ1979ኙ የጨረቃ ስምምነት ሌሎቹንም የሥርዓተ ፀሐይ አካላት ጨምሮ ሀብቱን የሰው ልጆች የጋራ ቅርስ ቢለውም፣ ኃያላኑ አልተቀበሉትም። ከዚያ አሜሪካ በ2015፣ ሉክሰምበርግ በ2017፣ የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች በ2019፣ ጃፓን በ2021 ያወጣው ይውሰደው የሚል ሕግ አወጡ። መከራከሪያቸው ባሕሩ የማንም ባይሆንም ዓሣው የአጥማጁ ነው የሚል ነው። እኔን አያሳምነኝም፤ መርከብ ያለው ብቻ የሚያጠምድበትን ባሕር የጋራ ማለት ይከብደኛል።

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ተበላ፣ የሁምቦ ወረዳ ዋና ከተማ፣ ለዚህ ክርክር ተጨባጭ ምሳሌ አላት። የሁምቦ ተራራ ደን ተጨፍጭፎ ነበር፤ ጉቶው ግን ከሥሩ አልሞተም። ገበሬዎቹ ከጉቶው ከሚያቆጠቁጠው ጠንካራውን እየመረጡ፣ ሌላውን እየመለመሉ፣ ከብትና መጥረቢያ እየከለከሉ 2,728 ሄክታር እንዲያገግም አደረጉ። ወርልድ ቪዥን አገዛቸው፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 በኪዮቶ ፕሮቶኮል የካርቦን ገበያ ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድም 165,000 ቶን ሊገዛ ተዋዋለ። ለእኔ ትልቁ ነገር ሕዝቡ በሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅቶ የመጠቀም መብቱ በሕግ መታወቁ ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ሳለ፣ ማንም በእጁ ሊይዘው የማይችለው ካርቦን ሲሸጥ ገቢው ለማን እንደሚደርስ ይታወቅ ነበር። ለቲታን እንዲህ ዓይነት መብት የሚሰጥ አካል የለም።

ኢትዮጵያ የ1967ቱን ስምምነት በዚያው ዓመት ፈርማለች። የመጀመሪያዋን ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1ን ያመጠቀችው በቻይና ሮኬት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 2019 ነው። ሮኬት የለንም ብሎ ዝም ማለት ግን አይገባትም፤ ሰላማዊ የጠፈር አጠቃቀምን በሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ መቀመጫ አላት። ኮሚቴው የጠፈር ሀብት ሕግን የሚያጠና የሥራ ቡድን በ2021 አቋቁሟል፤ የሥራ ዕቅዱ እስከ 2027 ነው። ጊዜ ገና አለ፤ ድራጎንፍላይ የተባለው የናሳ በራሪ ሮቦት ቲታን ላይ ያርፋል ተብሎ የሚጠበቀው በ2034 ነው። የኢትዮጵያ ልዑካን በኮሚቴው ስብሰባ ላይ አጥብቀው ሊይዙት የሚገባው ማስወንጨፊያ የሌላቸው አገሮች የጥቅም ድርሻ ቁፋሮው ሳይጀመር በጽሑፍ እንዲሰፍር ነው።