መኪና የማይገባበት የጠጠር መንገድ ለንግድ የሚሰጠው ጥቅም
በእንግሊዝ አገር በሐይቆች አውራጃ የታየ ምሳሌ

በእንግሊዝ አገር በሰሜን ምዕራብ በኩል፤ ከስኮትላንድ ወሰን በማይርቀው በካምብሪያ ግዛት ውስጥ፤ «የሐይቆች አውራጃ» እየተባለ የሚጠራ ተራራማ አገር አለ። ከእንግሊዝ ተራሮች ሁሉ ከፍ ያለው፤ 978 ሜትር የሆነው ስካፌል ፓይክ የሚገኘው በዚሁ አውራጃ ነው። ከሐይቆቹም ሁሉ የሚረዝመው ዊንደርሚር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። አውራጃው በ1951 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከለለ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። በቀድሞ ዘመን በበግ ርቢ፤ በማዕድን ቍፋሮና በእንጨት ሥራ ይተዳደር የነበረው ይህ አገር ዛሬ በብዛት የሚተዳደረው አገር ጐብኚ በሚያወጣው ገንዘብ ነው።

ነገር ግን ጐብኚው በመኪና እየመጣ በበዛ ጊዜ ችግርም አብሮ መጣ። የአውራጃው መንገዶች ጠባቦችና ብዙዎቹም ግራና ቀኝ በድንጋይ ካብ የታጠሩ ስለሆኑ፤ በበጋው ወራት መኪና መኪናን ተከትሎ ይቆማል፤ በእግሩ ለሚሄደውና በቢሲክሌት ለሚጓዘው ሰውም ሥፍራ አይተርፈውም። ስለዚህ ቢሲክሌት ነጂው መኪና የማይደርስበትን መንገድ መፈለግ ጀመረ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህም ለዚሁ ጕዞ የሚስማማ፤ መሪው እንደ እሽቅድድም ቢሲክሌት ወደ ታች የታጠፈ፤ ጐማው ግን እስከ 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚሰፋ፤ የጠጠር ቢሲክሌት የተባለ ዐይነት በየሱቁ ይሸጣል። ይህ ቢሲክሌት በአስፋልትም በኰረኰንችም ላይ ይሄዳል። ገዢው ዋጋውን ከከፈለ በኋላ የሚጠይቀው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ይኸውም «የት ልንዳው?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ከተማ እንግዳ ያገኛል።

ከሐዲድ ወደ ጐዳና

ከመልሶቹ አንዱና የታወቀው፤ ከኬዝዊክ ከተማ እስከ ትረልኬልድ መንደር በግሬታ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ የሚሄደው 5 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው ጐዳና ነው። ይህ ጐዳና በመጀመሪያ ለመዝናኛ ታስቦ የተሠራ አይደለም፤ የተሠራው ለንግድ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በምዕራብ ካምበርላንድ የነበሩት የብረት ማቅለጫዎች ከዱራም የሚመጣውን ኮክ የተባለውን ከሰል ይፈልጉ ነበር፤ በምሥራቅ በኩል ያሉት ማቅለጫዎች ደግሞ የካምበርላንድን የብረት ማዕድን ይሹ ነበር። ሁለቱን ለማገናኘት ከኮከርመዝ ተነሥቶ በኬዝዊክ በኩል እስከ ፔንሪዝ የሚደርስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ተዘረጋ። መሐንዲሱ ቶማስ ባውች ነበር። መስመሩ ለጭነት በ1864 ዓ.ም.፤ ለመንገደኞች በ1865 ዓ.ም. ተከፈተ። ባቡሩ ከጭነቱ ጋር ጐብኚዎችን ማምጣት ስለ ጀመረም በ1869 ዓ.ም. ከኬዝዊክ ጣቢያ ጋር የተያያዘ ትልቅ ሆቴል ተሠራ። በመስመሩ ዳር ሎው ብራይሪ በተባለው ሥፍራም ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሚሆን የእንጨት ክር ማጠንጠኛ ይሠራ ነበር።

ይሁን እንጂ የከሰሉና የብረቱ ጭነት እየቀነሰ፤ መኪናም እየበዛ ሲሄድ ባቡሩ ወጪውን የማይችል ሆነ። ከኬዝዊክ ወደ ምዕራብ ያለው ክፍል በ1966 ዓ.ም.፤ የቀረውም በ1972 ዓ.ም. ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የመስመሩ ዕድል ሁለት ዐይነት ሆነ። በምዕራብ በኩል፤ በባሰንዝዌይት ሐይቅ ዳር የነበረው መደላድል ለዋናው የመኪና መንገድ ተሰጠ፤ በምሥራቅ በኩል ያለው ግን ሐዲዱ ተነሥቶ ለእግረኛና ለቢሲክሌት ተተወ። በዚያው የመኪና መንገድ ሥራ ጊዜ አንድ የባቡር ዋሻ ተደፍኖ ከመሬት በታች ቀረ።

የባቡር መስመር ለቢሲክሌት የሚመችበት ምክንያት ግልጽ ነው። የእንፋሎት ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል፤ መሐንዲሶቹ ጋራውን ቈርጠው፤ ጐድጓዳውን ሞልተው፤ ወንዙን ደጋግመው በድልድይ ተሻግረው መንገዱን በለዘብተኛ ዳገት ወስደውታል። ለባቡሩ የተደከመው ድካም ዛሬ ሕፃንም ሽማግሌም ሳይቸገር የሚያልፍበትን ጐዳና አስገኘ። በ1994 ዓ.ም. ከአየርላንድ ባሕር ዳርቻ እስከ ሰሜን ባሕር ዳርቻ የሚደርሰው፤ 225 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው «ከባሕር እስከ ባሕር» የተባለው የቢሲክሌት መንገድ በተከፈተ ጊዜም ይህ ጐዳና አንዱ ክፍል ሆነ። ይህን ጕዞ በአንድ ቀን የሚፈጽም ሰው ጥቂት ስለሆነ፤ መንገደኛው በየማታው ራትና መኝታ ይገዛል።

ሕጉ የሚፈቅደውና የማይፈቅደው

በእንግሊዝ አገር ጠጠር መንገድ ሁሉ ለቢሲክሌት የተፈቀደ አይደለም። ሕጉ የእግር መንገድንና የፈረስ መንገድን ለይቶ ያያቸዋል። በእግር መንገድ ላይ ቢሲክሌት የመንዳት መብት የለም። በፈረስ መንገድ ላይ ግን በ1968 ዓ.ም. የወጣው የገጠር ሕግ ለቢሲክሌት ነጂዎች መብት ሰጥቷል፤ ይኸውም ነጂው ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ እንዲሰጥ በማስገደድ ነው። ስለዚህ በዚያ አገር የማደሪያ ቤት ባለቤት እንግዳውን መንገድ ሲመራ የትኛው የእግር፤ የትኛው የፈረስ መንገድ እንደ ሆነ ማወቅ ይገባዋል። አለዚያ እንግዳው ከባለ መሬቱ ጋር ተጣልቶ ይመለሳል።

ከባቡሩ ጐዳና ሌላ መኪና የማያስቸግርባቸው የታወቁ መንገዶች አሉ። በዊንደርሚር ምዕራባዊ ዳርቻ፤ ከጀልባው መሻገሪያ አቅራቢያ እስከ ሬይ ግንብ ድረስ፤ በዛፍ ጥላ ሥር የሚሄድ የጠጠር መንገድ ይገኛል። በኤነርዴል ሸለቆ ደግሞ የሕዝብ መኪና መንገድ ከሐይቁ አጠገብ ስለማያልፍ፤ ነጂው በደን መንገድ ከሐይቁ በላይ ወዳሉት ተራሮች ሥር ይዘልቃል። በዊንላተርና በግራይዝዴል ያሉትም መንገዶች እንዲሁ የደን መንገዶች ናቸው። በ1919 ዓ.ም. የተቋቋመው የደን ኮሚሲዮን ግንድ ለማውጣት ሲል በየሸለቆው የጠረገው መንገድ፤ ግንድ ጫኙ ከባድ መኪና በማይኖርበት ጊዜ ለቢሲክሌት የሚስማማ ሆኖ ተገኝቷል። በጠቅላላው እነዚህ መንገዶች አብዛኞቹ የተወለዱት ከሥራ ነው፤ ሥራው ሲያልፍ ወይም ሲቀንስ ሌላ ጥቅም ተገኘላቸው።

የ2015 ዓ.ም. ጐርፍ

በዲሴምበር 2015 ዓ.ም. ዴዝመንድ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በአውራጃው ላይ ከባድ ዝናብ አወረደ። በሆኒስተር መተላለፊያ በ24 ሰዓት ውስጥ 341.4 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተለካ፤ ይህም በብሪታንያ እስከዚያ ቀን በ24 ሰዓት ከተለካው ሁሉ የበለጠ ነበር። የግሬታ ወንዝ ሞልቶ ኬዝዊክ ከተማ ውስጥ ገባ። በሸለቆውም ውስጥ ሁለት የቀድሞ ባቡር ድልድዮችን ወሰደ፤ የጐዳናውን ከፊል ጠርጎ ሄደ። በዚሁ ጐርፍ ከኬዝዊክ ወደ ደቡብ ወደ ግራስሚር የሚወስደው ዋና የመኪና መንገድ ደንሜል በተባለው መተላለፊያ ላይ ተናደ።

የመኪናው መንገድ ተጠግኖ በሜይ 2016 ዓ.ም. ተከፈተ። የቢሲክሌቱ ጐዳና ግን የተከፈተው አምስት ዓመት ሞልቶ በዲሴምበር 2020 ዓ.ም. ነው። የጠቅላላው ሥራ ወጪ ወደ 8 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ነበር። በዚያው ሥራ አዲስ ድልድዮች ተሠሩ፤ ተደፍኖ የነበረውም የባቡር ዋሻ ተከፍቶ መተላለፊያ ሆነ። በመካከሉ ባለፉት ዓመታት ከባሕር እስከ ባሕር የሚጓዘው መንገደኛ በሌላ መንገድ ዞሮ ማለፍ ነበረበት።

በአምስት ወርና በአምስት ዓመት መካከል ያለው ልዩነት ለነጋዴ የሚነግረው ነገር አለ። እርግጥ ነው፤ ወንዝ የወሰደውን ድልድይ እንደገና መሥራት ቀላል ሥራ አይደለም። ነገር ግን የመኪና መንገድ ሲቈረጥ ኪሳራው በአንድ ቀን ይታያል፤ ጭነት ይቆማል፤ አውቶቡስ ይቀራል፤ ሁሉም ይጮኻል። የቢሲክሌት ጐዳና ሲቈረጥ ግን ኪሳራው በየሻይ ቤቱ፤ በየማደሪያውና በየቢሲክሌት አከራዩ ሱቅ ተበታትኖ በጥቂት በጥቂቱ የሚደርስ ስለሆነ፤ ደምሮ የሚያቀርበው ሰው ከሌለ ማንም አይሰማውም። ያልመጣ እንግዳ በሒሳብ መዝገብ ላይ አይጻፍም።

ጠጠር ወይስ አስፋልት?

ጐዳናው እንደገና ሲሠራ በምን ይሸፈን የሚለው ጥያቄ ብርቱ ክርክር አስነሣ። የፓርኩ አስተዳደር አስፋልትን መረጠ። ምክንያቱም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ አካለ ጐደሎና የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናት በልቅ ጠጠር ላይ ስለሚቸገሩ፤ እንዲሁም ዝናብ በበዛበት አገር አስፋልት በውሃ ቶሎ ስለማይታጠብ ነው። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው፤ አስፋልት የገጠሩን ጐዳና የከተማ መልክ ይሰጠዋል፤ ቢሲክሌት ነጂውም በፍጥነት እየነዳ እግረኛውን ያሰጋል ብለው ተከራከሩ። በመጨረሻ ጐዳናው በአስፋልት ተከፈተ፤ የጠጠሩን ስሜት የሚፈልገው ነጂም ወደ ደኑና ወደ ሐይቁ ዳር መንገዶች ፊቱን መለሰ።

የሁለቱም ወገን አሳብ ዋጋ አለው። ጠጠር ሲነጠፍ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ጠላቱ ውሃ ነው። መንገዱ መካከሉ ከፍ ብሎ ውሃውን ወደ ዳር ካላፈሰሰ፤ የዳሩም ቦይ በቅጠል ከተደፈነ፤ አንድ ብርቱ ዝናብ መንገዱን ሸርሽሮ ድንጋዩን ያወጣዋል። ስለዚህ ጠጠር መንገድ በየዓመቱ ቦይ የሚጠርግለትና ጠጠር የሚመልስለት ሰው ይፈልጋል። አስፋልት ሲሠራ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ለጊዜው ዕረፍት ይሰጣል። ምርጫው የሚወሰነው ገንዘቡ አሁን ይወጣል ወይስ በየዓመቱ ይወጣል በሚለውና፤ መንገዱ ለማን ይሠራል በሚለው ጥያቄ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት

በዚህ ጐዳና ላይ የሚያልፍ መንገደኛ ለመንገዱ ዋጋ አይከፍልም፤ የሚከፍለው ለሻይው፤ ለምሳው፤ ለመኝታውና ለተበሳው ጐማ ጥገና ነው። መንገዱን የሚጠብቀው አንዱ፤ ከመንገዱ የሚያተርፈው ሌላው ስለሆነ፤ መንገዱ ሲጐዳ አትራፊው ዝም ብሎ የተቀመጠ እንደ ሆነ ጥገናው ይዘገያል። ስለዚህ መኪና የማይገባበት ጐዳና በአጠገቡ ያለው ከተማ ነጋዴዎች እንደ ገበያ መንገዳቸው ቈጥረው መንገደኛውን ሊቈጥሩ፤ ገቢያቸውን ሊመዘግቡ፤ ጕዳቱም ሲደርስ ቍጥሩን ይዘው ከአስተዳደሩ ፊት ሊቀርቡ ይገባል።

ከሰልና ብረት ይመላለስበት በነበረው በግሬታ ሸለቆ መስመር ዛሬ የሚያልፈው ጭነት ሰው ነው። ይህ ጭነት ግን እንደ ከሰሉ በጣቢያው ሳይቆም አያልፍም፤ ይርበዋል፤ ይደክመዋል፤ ያድራልም።