ያበጠ መንጋጋ ከመነካቱ በፊት ራጅ ይነሣ

በአዋበል ወረዳ በሉማሜና በአካባቢዋ የምትገኙ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ለአባሎቻችሁ ልትመክሩ ከሚገባችሁ የጤና ጉዳዮች አንዱ የመንጋጋ እብጠት ነው። መንጋጋው ያበጠን ሰው «ጥርሱ ነው፤ ይነቀል» ማለት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ እብጠት ሁሉ ከጥርስ ሕመም አይመጣም።

ነቀዝ የገባበት ባቄላ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ባዶ እንደሚሆን ሁሉ፣ የመንጋጋ አጥንትም ውስጥ ውስጡን ሊበላ ይችላል። ይህንን ሥጋ ሳይቀደድ የሚያሳየው የጥርስ ራጅ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን ራጅን ያገኘው የዓድዋ ድል በተገኘበት በ1888 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ኦቶ ቫልክሆፍ የተባለ የጥርስ ሐኪም የገዛ ጥርሱን አንሥቶበታል። ያን ጊዜ 25 ደቂቃ የፈጀው ሥራ ዛሬ በትንሹ የጥርስ ራጅ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይፈጸማል።

በራጅ ላይ ጤነኛ አጥንት ነጣ ብሎ፣ የተበላው ጠቆር ብሎ ይታያል። በጥርስ ሥር ጫፍ ላይ ያለ ጥቁረት ብዙ ጊዜ የመግል ምልክት ነው። በቀጭን ነጭ መስመር የተከበበ ክብ ጥቁረት ውኃ የቋጠረ ከረጢትን ያመለክታል። እንደ ማር እንጀራ የተከፋፈለ ከሆነ አሜሎብላስቶማ የተባለው እባጭ ይጠረጠራል። ይህ እባጭ ቀስ ብሎ ስለሚያድግና ብዙውን ጊዜ ስለማያም ሕመምተኛው ዓመታት ያሳልፋል፤ አጥንቱ ግን ያልቃል። ዳሩ የተቦጫጨቀ ጥቁረት ካንሰርን ያሠጋል።

የበሽታው ስም የሚረጋገጠው ግን ሐኪሙ ከእባጩ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲያስመረምር ነው። ራጁ ናሙናው ከየት እንደሚወሰድና ጉዳቱ እስከ የት እንደደረሰ ይመራዋል። እብጠቱን መብጣት ወይም በብረት መተኮስ ግን ቁስሉን ያመረቅዛል፤ ጊዜም ያባክናል።

ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ እብጠት፣ ያለ ምክንያት የተነቃነቀ ጥርስ፣ የደነዘዘ ከንፈር፣ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ አልድን ያለ ቁስል የታየበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ትኩሳት ያለበት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ የከለከለ እብጠት ደግሞ ለሰዓታትም አይታደርም። በሕፃን መንጋጋ ላይ በፍጥነት የሚያድግ እብጠትም እንዲሁ ነው፤ ሐኪሙ ዴኒስ በርኪት እ.ኤ.አ. በ1958 በኡጋንዳ የገለጠው የልጆች ካንሰር በዚህ መልክ ይታያል፤ ቶሎ ከተደረሰበት ግን በመድኃኒት ሊድን ይችላል።

ሉማሜ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ በመሆኗ፣ ጤና ጣቢያው የጥርስ ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ለሚልከው ሰው መጓጓዣ አይቸግርም። የሚያስቀረው የእርሻው ሐሳብ ነው። የታመመውን አባል አረምና አጨዳ ማኅበሩ በደቦ ከያዘለት ለመሄድ አያመነታም።