የሐኪሙ ፊትና የሠዓሊው ኀዘን

የሰውን መልክ በቀለም መሣል ሁለት ዓይነት ችሎታ ይጠይቃል። አንደኛው የፊትን ቅርጽ ሳያዛንፉ መያዝ ነው፤ ሁለተኛው በፊት ላይ የሚነበበውን የልብ ሁኔታ መግለጥ ነው። ፊተኛው በትምህርትና በልምድ ይገኛል፤ ሁለተኛውን ለማግኘት ግን ሠዓሊው የሰውን መከራ ያወቀ ሊሆን ይገባዋል። ለዚህም ምስክር የሚሆነን የሆላንዱ ተወላጅ ቪንሰንት ቫን ጎግ የሣለው የዶክተር ፖል ጋሼ መልክ ነው።

ቫን ጎግ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1886 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ በመጣ ጊዜ ኢምፕረሲዮኒስት ከሚባሉት ሠዓልያን የብሩህ ቀለምን አገባብ ተማረ። እነርሱ በቀለም ይልቁን በዛፍና በውሃ ላይ የሚያልፈውን ብርሃን ይከታተሉ ነበር፤ እርሱ ግን ያንኑ ቀለም የሰውን ኀዘንና ደስታ ለመግለጥ አዋለው። ከብዙ ሕመም በኋላም በ1890 ዓ.ም. በግንቦት ወር በፓሪስ አጠገብ ወዳለችው ወደ ኦቬር መንደር ሄዶ በዶክተር ጋሼ ጥበቃ ሥር ተቀመጠ። ይህም ሐኪም የሠዓልያን ወዳጅ ነበረ፤ በወጣትነቱም በ1858 ዓ.ም. ስለ ትካዜ ሕመም የጥናት ጽሑፍ አቅርቦ ነበር።

በሥዕሉ ላይ ሐኪሙ ነጭ ቆብ ደፍቶ፣ ሰማያዊ ኮት ለብሶ፣ ራሱን በቀኝ እጁ ጨብጦ ደግፎ ወደ ጐን አዘንብሏል። ፊቱ ገርጥቷል፤ ዓይኖቹም ከሩቅ አሳብ የተመለሱ አይመስሉም። በቀዩ ጠረጴዛ ላይ ሁለት መጻሕፍትና የልብ መድኃኒት የሚቀመምበት ዲጂታሊስ የሚባል ተክል ይታያሉ። በሁለተኛው ቅጂ፣ ዛሬ በፓሪስ በኦርሴ ቤተ መዘክር በሚገኘው፣ መጻሕፍቱ ቀርተዋል፤ ተክሉ ግን አልቀረም። የሰውዬው ሙያ የሚታወቀው በዚህ ምልክት ነውና።

እንግዲህ የሚታየው ኀዘን የማን ነው? ሠዓሊው ለወንድሙ ለቴዎ በላከው ደብዳቤ ሐኪሙ እንደ ራሱ የታመመ ሆኖ እንደ ታየው ገልጿል። ስለዚህ አዳኙና ታማሚው በአንድ ፊት ላይ ተገናኝተዋል ማለት ይቻላል። ቫን ጎግ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በራሱ እጅ በደረሰበት ቁስል በ37 ዓመቱ ስለ ሞተ፣ ብዙዎች ሥዕሉን የሞቱ ዋዜማ አድርገው ያዩታል። ነገር ግን ኋላ የመጣውን ነገር ወደ ፊት አምጥቶ መፍረድ ተገቢ አይደለም። እርሱ ራሱ በዚያ ፊት ላይ ለማሳየት የፈለገው የዘመኑን ሰው ልብ መሰበር ነበር።

ይህን ሥዕል በ1937 ዓ.ም. የናዚ መንግሥት የተበላሸ ጥበብ ብሎ ከፍራንክፈርት ቤተ መዘክር ወሰደው። በ1990 ዓ.ም. ደግሞ በኒውዮርክ በጨረታ 82.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ስሙን ያጐደፈውም ዋጋውን ያናረውም ፍርድ ሐኪሙ ስለ ምን እንደ ተከዘ አይነግረንም። በየዕለቱ የሰው ፊት እየቀረበለት የሚፈርድና የሚያጽናና ሰውም ከዚህ አንድ ነገር ይማራል፤ ይኸውም በፊት ላይ ያነበበው ኀዘን የባለ ጉዳዩ ይሁን ወይም የራሱ፣ ከመናገሩ በፊት መመርመር ነው።