ስለ ትንሽ የሞተር ጀልባ ሚዛንና ስለ ጭነቱ አቀማመጥ

በጣና ሐይቅ ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ውሃ ቢገባበትም፥ ደንገሉ ራሱ ከውሃ የቀለለ ስለ ሆነ ቶሎ አይሰጥምም። ከአሉሚኒየም የተሠራው ትንሽ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ግን እንዲህ አይደለም። አሉሚኒየም ከብረት የቀለለ ቢሆንም በመጠን ትክክሉ ከሆነ ውሃ 2.7 እጥፍ ይከብዳል፤ ጀልባውን የሚያንሳፍፈው በውስጡ ያለው ባዶ ስፍራ ነው። ስለዚህ በመቀመጫዎቹ ሥር መንሳፈፊያ ካልታሸገለት በቀር፥ ውሃ በከንፈሩ ገብቶ የሞላው እንደ ሆነ ይሰጥማል። ውሃም የሚገባው ጭነቱ ስለ በዛ ብቻ አይደለም፤ በተገባው ስፍራ ስላልተቀመጠም ነው እንጂ።

አርኪሜዴስ የተባለው የግሪክ ሊቅ እንዳስተማረው፥ ውሃ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ የገፋውን ውሃ ክብደት ያኽል ወደ ላይ ይገፋል። ጀልባውና ጭነቱ 400 ኪሎ ቢመዝኑ፥ 400 ሊትር ውሃ እስኪገፉ ድረስ ይጠልቃሉ። ነገር ግን የክብደቱ ማዕከል ከውሃው ግፊት ማዕከል ጋር በአንድ ቀጥታ ካልዋለ፥ ሁለቱ እስኪስተካከሉ ድረስ ጀልባው ያዘነብላል። ይህም በአህያ ላይ እንደ ተጫነ እህል ነው፤ አንዱ ጎን ከሌላው የከበደ እንደ ሆነ ጭነቱ ይዞራል።

እንዲህ ባለ ጀልባ ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋላ የመሰብሰብ ልማድ አለው። የ10 ፈረስ ጉልበት ሞተር 40 ኪሎ፥ 25 ሊትር ቤንዚን 18 ኪሎ ያኽላል፤ ነጂውም 72 ኪሎ ቢሆን፥ በኋላው ጫፍ 130 ኪሎ ተከማቸ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ፊቱ ወደ ሰማይ ይነሣል፥ ነጂው የፊቱን መንገድ አያይም፤ ፍጥነቱንም በድንገት ቢቀንስ፥ ጀልባው ራሱ ያስነሣው ሞገድ ከኋላ ደርሶ ይገባበታል። ጭነቱ ከልክ በላይ ወደ ፊት ቢሆን ደግሞ፥ ፊቱ እንደ ማረሻ ውሃውን ይሰነጥቃል፤ ማዕበሉም በፊት በኩል ይገባል፥ መሪውም አልታዘዝ ይላል።

መድኃኒቱ ይህ ነው።

1ኛ፤ አስቀድሞ ዕቃውን ማዛወር ነው። ክብደት በተዛወረበት ርቀት ይባዛል። 18 ኪሎ ቤንዚን 2 ሜትር ወደ ፊት ቢዛወር 36 ይሆናል፤ 72 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሜትር ወደ ፊት ቢቀመጥም ያው 36 ነው። የተዛወረውም ዕቃ እንዳይንሸራተት ይታሰር።

2ኛ፤ ከዚህ በኋላ ሞተሩን ማስተካከል ነው። በሞተሩ ማሰሪያ ላይ በተርታ የተበሱ ቀዳዳዎችና በእነርሱ የሚያልፍ ዘንግ አለ። ዘንጉ ወደ ጀልባው ሲቀርብ ፊቱ ዝቅ ይላል፤ ሲርቅ ከፍ ይላል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በየጊዜው አንድ ቀዳዳ ብቻ እየለወጡ መፈተን ይገባል።

3ኛ፤ ግራና ቀኙን ማስተካከል ነው። ሰዎች በመካከለኛው መስመር ዝቅ ብለው ይቀመጡ፤ መረብ ሲስቡ ሁሉም ወደ አንድ ጎን አይሂዱ። በውስጥ የተጠራቀመ ውሃም ሁልጊዜ ወደ ዘነበለው ጎን እየሮጠ ስለሚያብሰው ቶሎ ይቀዳ።

በአገራችን ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያኽል ከፍታ ስላለው አየሩ ስስ ነው፤ ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተርም ከጉልበቱ ከአምስት እጅ አንዱን ገደማ ያጣል። ስለዚህ በቆላ ባሕር የሚቻለው ጭነት በደጋ ሐይቅ ሞተሩን ያደክመዋል።

በአሜሪካ አገር ከ1972 እ.ኤ.አ. ወዲህ የጀልባ ሠሪዎች ከ20 ጫማ በታች በሆነ የሞተር ጀልባ ላይ የሚችለውን የሰው ቍጥር፥ ክብደትና የሞተር ጉልበት ጽፈው እንዲለጥፉ በሕግ ታዝዘዋል። እንዲህ ያለ ጽሕፈት የተገኘበት ጀልባ ቢኖር ከተጻፈው ማለፍ አይገባም። በማዕበል ቀን ግን ከዚያም ማሳነስ ብልኅነት ነው።

መምህሩ ይህን ለልጆች በገበቴ ውሃ ያሳይ። ባዶ ቆርቆሮ አንሳፍፎ ጠጠሮችን በመካከሉ ያስቀምጥ፥ ኋላም ያንኑ ጠጠር ወደ አንድ ጫፍ ይሰብስበው። ጠጠሩ ሳይጨመር ቆርቆሮው ሲሰጥም ያዩ ልጆች ነገሩን አይረሱትም። ሽማግሌዎችም ጀልባው ከዳር ሳይለቅ ጭነቱን መመርመርንና የመንሳፈፊያ ልብስ መልበስን ለጎልማሶች ይምከሩ፤ ሚዛን በወደብ ሳሉ የሚታረም ነው እንጂ በማዕበል መካከል የሚታረም አይደለምና።