ሻምበል ዳየትና የዱሳብል የሙዚቃ ክፍል

የሬዲዮ ዘጋቢ ፕሮግራም

(ድምፅ፦ ክላርኔቶች፣ ትራምፔቶችና ትሮምቦኖች ከልምምድ በፊት ሲቃኙ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

ተራኪ፦ ናት ኪንግ ኮል፣ ዳይና ዋሽንግተን፣ ጂን አሞንስ፣ ጆኒ ግሪፊን፣ ቮን ፍሪማን፣ ዶሮቲ ዶኔጋን፣ ኤዲ ሃሪስ፣ ሪቻርድ ዴቪስ። የጃዝ ወዳጆች እነዚህን ስሞች ያውቋቸዋል። ከመካከላቸው ድምፃዊ አለ፣ ሳክስፎን ተጫዋች አለ፣ ፒያኖ ተጫዋች አለች። ሁሉም ግን በጉርምስና ዕድሜያቸው በአንድ መምህር እጅ አልፈዋል። መምህሩ ዋልተር ሄንሪ ዳየት ይባላሉ። ያስተማሩት በስመ ጥር የሙዚቃ ተቋም አልነበረም፤ በመንግሥት የሰፈር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። የዛሬው ዝግጅታችን የዚያን ትምህርት ቤት የባንድና የኦርኬስትራ ክፍል ይቃኛል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

(ሙዚቃ፦ የ1930ዎቹ ጃዝ፤ ከትረካው ሥር ይቀጥላል)

ተራኪ፦ ቦታው የቺካጎ ከተማ ደቡባዊ ክፍል ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ እጅግ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን የደቡቡን ግዛቶች የዘር መድልዎና ድህነት ሸሽተው ከሚሲሲፒ፣ ከአላባማና ከሉዊዚያና በባቡር ወደ ሰሜን ተጓዙ። ብዙዎቹ ቺካጎ ወረዱ። በቄራዎችና በብረት ፋብሪካዎች ሥራ አገኙ፤ ቤት ግን እንደ ልብ አልተገኘም። ነጭ የቤት ባለቤቶች ለጥቁር ላለመሸጥና ላለማከራየት በውል ይተሳሰሩ ነበርና መጪው ሁሉ ብሮንዝቪል በተባለው ጠባብ ቀጠና ተፋፍጎ ኖረ። ልጆቹም በዌንደል ፊሊፕስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተፋፍገው ተማሩ።

መጨናነቁን ለማቃለል በ1935 አዲስ ሕንጻ ተከፈተ። በዓመቱ የዣን ባፕቲስት ፖይንት ዱሳብል ስም ተሰጠው። ዱሳብል ዛሬ ቺካጎ በምትባለው ምድር ላይ፣ ከነባሮቹ ሕዝቦች ሌላ፣ የመጀመሪያው ቋሚ ነዋሪ የሆነ ጥቁር ነጋዴ ነው። ለእኛ 1935 ሌላም ትርጉም አለው። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን የወረረችበት ዓመት ነው። በሚሲሲፒ አድጎ ወደ ቺካጎ የፈለሰው አብራሪ ጆን ሮቢንሰንም ከኢትዮጵያ ጎን ለመቆም አዲስ አበባ የገባው በዚያው ዓመት ነው።

(ድምፅ፦ የሰልፍ ከበሮ፤ ከዚያ የትንፋሽ መሣሪያዎች ማርሽ)

ተራኪ፦ ባንድ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በሰፊው የተስፋፋው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በጦር ሠራዊቱ ባንዶች ያገለገሉ ሙዚቀኞች በመምህርነት ትምህርት ቤት ገቡ። የሙዚቃ መሣሪያ አምራቾችም ዋናው ገበያቸው ተማሪው እንደሚሆን ስለገባቸው፣ በ1923 አገር አቀፍ የትምህርት ቤት ባንዶች ውድድር ሲካሄድ ደጋፊ ሆኑ። ውድድሩ የተደረገውም እዚያው ቺካጎ ነው።

በዌንደል ፊሊፕስ የባንዱ መሪ በ1920ዎቹ ኤን. ክላርክ ስሚዝ ነበሩ። ተማሪዎቻቸው ሻለቃ ይሏቸዋል። ሻለቃ ስሚዝ የቺካጎ ዲፌንደር ጋዜጣ አዟሪ ለሆኑ ልጆችም ባንድ አቋቁመው ያስተምሩ ነበር። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ላዮኔል ሃምፕተን ይባላል። ይህን ስም ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

በ1931 ደግሞ ዋልተር ዳየት መጡ። የተወለዱት በ1901 በሚዙሪ ግዛት፣ በሴንት ጆሴፍ ከተማ ነው። በወጣትነታቸው ሐኪም የመሆን ሐሳብ ነበራቸው፤ እንጀራቸው ግን ቫዮሊን ሆነ። ድምፅ አልባ ፊልም በሚታይበት በቬንዶም ቴአትር፣ በኧርስኪን ቴት ኦርኬስትራ ውስጥ ተጫውተዋል። ሻምበል መባላቸው በኢሊኖይ ብሔራዊ ዘብ የስምንተኛውን እግረኛ ሬጅመንት ባንድ ስለመሩ ነው። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎቻችንን ታሪክ ለሚያውቅ አድማጭ ማዕረግ ያለው የሙዚቃ አለቃ እንግዳ አይሆንበትም። አዲሱ ሕንጻ ሲከፈት ሻምበል ዳየት ወደዚያ ተዛወሩ፤ የሙዚቃ ክፍሉንም እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ መሩት።

(ድምፅ፦ አንድ ክላርኔት ስኬል ወደ ላይና ወደ ታች ሲለማመድ)

ተራኪ፦ የዱሳብል የሙዚቃ ክፍል ደረጃ በደረጃ የሚወጣበት ነበር። ጀማሪው ከጀማሪዎች ጋር ይለማመዳል። ረጅም ድምፅ ሳይሰበር መያዝ፣ ስኬል፣ ቅኝት፣ ኖታን እንዳዩ ማንበብ የዕለት ሥራው ነው። ከዚያ ወደ ኮንሰርት ባንዱ ያድጋል። የቫዮሊንና የቤዝ ተማሪዎች በኦርኬስትራው ይሰለፋሉ። የበሰሉት የጃዝ ባንዱን ይቀላቀላሉ። ሻምበሉ ከነዚህ ሌላ ከተማሪዎቻቸው የተውጣጣ የዳንስ ባንድ ነበራቸው፤ ባንዱ ከትምህርት ቤት ውጭ እየተከፈለው ይጫወት ነበር።

ተማሪዎቻቸው ካደጉ በኋላ ደጋግመው የመሰከሩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የጆሯቸው ነገር ነው። ትልቅ ባንድ አንድ ላይ እየተጫወተ ማን እንደሳተ ለይተው ይጠሩታል። ሁለተኛው ቁጣቸው ነው። አርፍዶ የመጣ፣ ሳይለማመድ የመጣ፣ በልምምድ መሃል የሚቀልድ ተማሪ ይባረራል። የተባረረው ልጅ ግን ጥፋቱን አርሞ ሲመለስ በሩን ክፍት ያገኘዋል። ቁጣቸውን ያስታወሱት እነዚያው ተማሪዎች ሻምበሉን ባለውለታችን ይሏቸዋል።

ሥልጠናው ያለ መድረክ አልነበረም። በየዓመቱ ሃይ ጂንክስ የተባለ ትልቅ ትርኢት ይዘጋጃል። ሙዚቃው፣ ዳንሱ፣ ቀልዱና ድራማው የተማሪዎቹ ሥራ ነው። የሰፈሩ ሰው ትኬት እየገዛ ይገባል፤ ገቢውም የሙዚቃ ክፍሉን ይደግፋል። ስለዚህ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ትምህርቱን ሳይጨርስ ገንዘቡን ከፍሎ በገባ ታዳሚ ፊት የመቆምን ኃላፊነት ያውቃል።

(ሙዚቃ፦ ፈጣን የቴነር ሳክስፎን ሶሎ)

ተራኪ፦ ጆኒ ግሪፊን ዱሳብል የገባው ሳክስፎን ልጫወት ብሎ ነው። ሻምበል ዳየት ግን ክላርኔት ሰጡት። ቀጥሎ ኦቦ አስያዙት። አልቶ ሳክስፎን የያዘው ከዚያ በኋላ ነው። ክላርኔት በጣት አቀማመጥም በአፍ አያያዝም ስህተትን አያሳልፍም፤ እሱን የገራ ወደ ሳክስፎን መሻገር አያቅተውም። ግሪፊን በ1945 በ17 ዓመቱ ተመረቀ፤ ወዲያውም የታዋቂ ባንድ አባል ሆነ። የባንዱ መሪ ላዮኔል ሃምፕተን ነበር፤ የሻለቃ ስሚዝ የጋዜጣ አዟሪዎች ባንድ ልጅ። ዳይና ዋሽንግተንም ከዚያ ቀደም ብላ፣ ገና በ18 ዓመቷ፣ የዚሁ ባንድ ድምፃዊት ሆናለች። በአንዱ መምህር የተቀረጸው የሌላኛውን መምህር ልጆች እየተቀበለ ለዓለም አስተዋወቀ።

ሪቻርድ ዴቪስ በ1945 በሻምበል ዳየት እጅ ደብል ቤዝ ጀመረ። ከሣራ ቮን ጋር ዓለምን ዞሯል፤ በስትራቪንስኪና በበርንስታይን መሪነትም ተጫውቷል። በ1977 የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ፤ ለአራት አሥርት ዓመታት ያህልም አስተማረ። ሌሮይ ጄንኪንስ፣ ጆሴፍ ጃርማን፣ ጆን ጊልሞርና ጁሊያን ፕሪስተር አዲስ የጃዝ መንገድ ከቀየሱት መካከል ናቸው። እነሱም የዱሳብል ልጆች ናቸው።

(ሙዚቃው ዝቅ ይላል)

ተራኪ፦ ሻምበሉ ተማሪዎቻቸውን ለምን ይህን ያህል አጥብቀው ያዙ? መልሱ ከትምህርት ቤቱ ደጅ ውጭ ነው። በዚያ ዘመን የታላላቅ ሲምፎኒ ኦርኬስትራዎች በር ለጥቁር ሙዚቀኛ ዝግ ነበር። የቺካጎ የሙዚቀኞች ማኅበር እንኳ ለነጭና ለጥቁር የተከፈለ ነበር፤ ሁለቱ የተዋሐዱት በ1966 ነው። አንድ ጥቁር ወጣት ሥራ ሲጠይቅ የሚሰጠው ዕድል አንድ ነው፤ ኖታውን ማንበብ ካቃተው ሁለተኛ ጊዜ አይጠራም። ዳየት ልጆቹ በዚያች አንድ ዕድል እንዳይወድቁ አስቀድመው ያዘጋጇቸው ነበር። ደግሞም በክፍሉ ካለፉት እጅግ ብዙ ተማሪዎች የሚበዙት ሙዚቀኛ አልሆኑም። ሰዓት ማክበርን፣ አጠገብ የተቀመጠውን ማዳመጥን፣ የድርሻን አዘጋጅቶ መምጣትን ይዘው ግን ወደየሙያቸው ሄደዋል።

ሻምበል ዳየት በ1969 አረፉ። በስማቸው ትምህርት ቤት ተሰየመ። በ2015 ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ወላጆችና የሰፈሩ ሰዎች 34 ቀናት የረሃብ አድማ አደረጉ፤ በ2016 በሥነ ጥበብ ላይ ያተኮረ ሁለተኛ ደረጃ ሆኖ ዳግም ተከፈተ። የዱሳብል ሕንጻም ከ2013 ጀምሮ በከተማዋ ቅርስነት ተመዝግቧል።

አድማጮቻችን፣ ተሰጥዖ በየሰፈሩ አለ። ብሮንዝቪል ከሌላው ሰፈር የተለየ ልጅ አልወለደችም። ልዩነቱን ያመጣው አንድ የልምምድ ክፍል፣ የትምህርት ቤት ንብረት የሆኑ መሣሪያዎች፣ በየዓመቱ የሚጠበቅ መድረክና ሠላሳ ዓመት ያህል ከሥራው ያልተነቃነቀ መምህር ነው። በአገር ቤት ትምህርት ቤት የምትመሩ፣ ሙዚቃን ለበዓል ማድመቂያ ብቻ አታቆዩት፤ መምህር ቅጠሩለት፣ ክፍል ስጡት። በአሜሪካ የምትኖሩ ወላጆችም የልጃችሁን ትምህርት ቤት ስለ ባንድና ኦርኬስትራ ክፍሉ ጠይቁ። ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መሣሪያ ያውሳሉ፤ ጠይቃችሁ ልጃችሁን አስመዝግቡ።

(መውጫ ሙዚቃ)