ጭራውን የሚያሳድድ ውሻ

(በሬዲዮ ከተነገረ በኋላ ለጋዜጣ የቀረበ)



በሰሜን ሸዋ ደጋ፥ በራቤልና በዙሪያዋ ባሉት የግሼ መንደሮች ውሻ ሥራ ያለው ፍጥረት ነው። ቀን ከእረኛው ጋራ በጎቹን ተከትሎ ይውላል፤ ሌሊት በበረቱ ደጃፍ ተኝቶ ጅብን ይጠብቃል። የቀበሮው ሽታ፥ የመንገደኛው ኮቴ፥ የጎረቤት ውሻ ጩኸት ሁሉ ለአፍንጫውና ለጆሮው የዕለት ተግባር ነው። ኑሮው የተደላደለ ነው ማለታችን አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ይራባል፥ ዱላም ይቀምሳል። ይሁን እንጂ ሥራ ፈትቶ የሚውልበት ቀን የለውም።

የዚህኑ ውሻ ወንድም ወደ ከተማ አምጥተን እንመልከተው። ባለቤቱ የመንግሥት ሠራተኛ ስለ ሆነ በማለዳ ወጥቶ ማታ ይመለሳል። ውሻው ግን ከቆርቆሮ ቤቱ አጠገብ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ይውላል። ከአጥሩ ውጭ የሚያልፈውን ይሰማል፥ ነገር ግን አያየውም፤ ያሸታል፥ ነገር ግን አይደርስበትም። ጥቂት ወራት እንዲህ ካለፉ በኋላ አንድ ቀን የገዛ ጭራውን ማሳደድ ይጀምራል። ልጆች ይስቃሉ፥ እንግዳም ሲመጣ ያሳዩታል። ውሎ ሲያድር ግን ሣቁ ያልቃል፤ ውሻው አያቆምምና።

የዚህ አመል መልኩ ብዙ ነው። አንዱ ጭራውን ይዞ እስኪደማ ይነክሳል። ሌላው የፊት እግሩን ጠጉሩ አልቆ ሥጋው እስኪታይ ይልሳል። በግድግዳ ላይ የምታልፍ ጥላ ወይም ከመስታወት የምትንጸባረቅ ብርሃን ሲከተል የሚውልም አለ፤ ዝንብ በሌለበት አየሩን የሚነክስም አለ። በእርግጥ ማንኛውም ውሻ እግሩን ይልሳል፤ ቡችላም ሲጫወት ጭራውን ይይዛል። አመሉ ሕመም ሆነ የሚባለው ውሻው ሲጠሩት የማይሰማ፥ ምግብ ሲቀርብለት እንኳ የማይተው፥ ቆስሎም የማያቆም ሲሆን ነው።

የነገሩን ምክንያት ለመረዳት በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ በፍርግርግ ውስጥ ይኖሩ የነበሩትን አንበሶች ማስታወስ ይበቃል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፥ በዚያችው መሥመር፥ በዚያው እርምጃ ሲመላለሱ ያላየ የከተማችን ሰው ጥቂት ነው። ማሳደድ፥ መፈለግ፥ ራስን ማጽዳት ለእንስሳ ከተፈጥሮ የተሰጡ ተግባሮች ናቸው። መውጫ ባጡ ጊዜ አይጠፉም፤ በቅርብ በተገኘው ነገር ላይ ያርፋሉ። ለታሰረ ውሻ ደግሞ ከጭራውና ከእግሩ የቀረበ ምን አለ? በመጀመሪያ የሚያደርገው ጭንቀት ሲይዘው ብቻ ነው፤ እየቆየ ግን ጭንቀቱ በሌለበትም ሰዓት አመሉ በራሱ መሄድ ይጀምራል። ሰንሰለቱ በተፈታ ማግሥት የማይተወውም ስለዚህ ነው።

ጥፋቱ ሁሉ የሰንሰለቱ ነው ማለት ግን አይቻልም። ዘርም ድርሻ አለው። የገዛ ጎኑን እንደ ጡት የሚጠባ ዶበርማን በብዙ አገር የታወቀ ሲሆን፥ የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ይህ አመል በውሻ 7ኛ ክሮሞዞም ላይ ካለ አንድ ስፍራ ጋራ የተያያዘ መሆኑን አስታውቀዋል። በፊንላንድ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት የ368 ውሾች ጥናት ደግሞ ጭራቸውን የሚያሳድዱት ካልጀመራቸው ይልቅ ቀደም ብለው ከእናታቸው የተለዩ ሆነው ተገኝተዋል። በመንገድ ዳር ዓይኗ በቅጡ ያልተገለጠ ቡችላ ታቅፎ የሚሸጥ ልጅ ስታገኙ ይህ ትዝ ይበላችሁ። የአየር ነካሹም ነገር የራሱ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት በካናዳ እንዲህ ያሉ 7 ውሾች ተመርምረው ሁሉም የሆድ ዕቃ ሕመም ተገኝቶባቸዋል። ስለዚህ አመል ነው ብሎ ከመደምደም በፊት ቁንጫን፥ የቆዳ በሽታን፥ የሆድ ሕመምንና የሚጥል በሽታን መመርመር ያሻል።

አሁን ከሁሉ ወደሚያስፈራው ነገር እንድረስ። በአገራችን ውሻ ያልተለመደ ነገር ሲያደርግ ከአፋችን የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «አበደ» የሚል ነው። በዚህ ቃል ምክንያት በሽታ የሌለበት ውሻ በድንጋይ ተቀጥቅጦ ይሞታል። በሌላ በኩል «የተለመደ አመሉ ነው» ተብሎ የተናቀ ውሻ ቤተሰብ ይነክሳል፤ ይህኛው ስሕተት የሰው ሕይወት ያስከፍላልና ከፊተኛው እጅግ የከፋ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያድን መድኃኒት የለውም ለማለት ይቻላል። ለሰው የሚተላለፈውም ከመቶው 99 ያህሉ በውሻ ነው።

መለያው ምንድን ነው? አመል ለሳምንታትና ለወራት አንድ ዓይነት ሆኖ ይቆያል፤ ውሻውም በቀረው ጊዜ ይበላል፥ ባለቤቱን ያውቃል፥ ጭራውን ይቆላል። እብደት ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ይለውጠዋል። የዋሁ ይቆጣል ወይም ቁጡው ያለ ልክ ይለምዳል፤ ድምፁ ይጎረናል፥ ለሃጩ ይዝረበረባል፥ መንጋጋው ይወድቃል፥ ሲሄድ ይንገዳገዳል፥ ያገኘውንም ይነክሳል፤ ከዚያም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ብዙ ሰው «ውኃ ጠጥቷልና አላበደም» ይላል። ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። ውኃን መፍራት የታመመው ሰው ምልክት ነው እንጂ፥ ያበደ ውሻ ወደ ውኃ ሊሄድ፥ ሊጠጣም ይሞክራል።

ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠበል መጠመቁን የሚከለክል የለም፤ ክትባቱን ግን አያስቀርም። የነከሰውም ውሻ ጤነኛ ከመሰለ አይገደል፤ በተዘጋ ስፍራ ለ10 ቀን ይጠበቅ። የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ፓስተር» የተባለው ሰፈር ስሙ የሚያስታውሰን፥ እ.ኤ.አ. በ1885 በዚህ በሽታ ላይ ያበጀውን ክትባት መጀመሪያ ለአንድ ልጅ የሰጠውን ፈረንሳዊ ሊቅ ሉዊ ፓስተርን ነው። ያ ልጅ ድኗል። ውሻን በየጊዜው ማስከተብ ለሰው ብቻም አይደለም፤ በመንዝ በጓሳ ለሚኖረው ለቀይ ቀበሮም ከቤት ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ዋና ሥጋቱ ነው።

እብደትም ሌላም ሕመም አለመሆኑ ከታወቀ በኋላ ለአመሉ ምን ይደረግ? ዱላ አይረዳም። ጭንቀት የወለደውን ነገር በጭንቀት ማጥፋት አይቻልምና። ሣቅና ጭብጨባም አይረዱም፤ ቀኑን ሙሉ የሚያየው ላጣ ውሻ የቤተሰቡ ሣቅ ራሱ ደመወዝ ነው። ይልቅስ ጠዋት ወደ ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት በገመድ ይዛችሁት ውጡ፤ ለአፍንጫው ከግቢው አጥር ውጭ ያለች አንዲት ጎዳና እንደ ጋዜጣ ናት። ግቢው የታጠረ ከሆነ ሰንሰለቱን ፍቱለት። ምግቡን በአንድ ሳህን ከመገልበጥ በሣሩ ውስጥ በትናችሁ እየፈለገ ይብላ። የምትወጡበትና የምትመለሱበት፥ የሚበላበትም ሰዓት ባይለዋወጥ ይረጋጋል። አመሉ ሲጀምረው ሳትጮኹ ወደ ሌላ ሥራ ጥሩት፤ ሲመጣም አመስግኑት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልቀነሰ መድኃኒት አለ። አሜሪካዊቷ የአእምሮ ሐኪም ጁዲት ራፖፖርትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1992 እንደ ገለጹት፥ እጁን ደጋግሞ መታጠብ ለማይተው ሰው የሚታዘዘው ክሎሚፕራሚን እግራቸውን የሚልሱትንም ውሾች ረድቷቸዋል። የሰውና የውሻ ጭንቀት ይህን ያህል መቀራረቡ የሚያስደንቅ ነው። መድኃኒቱ ግን ውጤቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ሲሆን፥ መጠኑንም የሚወስነው የእንስሳት ሐኪም ብቻ ነው፤ ለሰው ከታዘዘ ክኒን ቆርሶ መስጠት ውሻውን ሊገድለው ይችላል።

ወደ ሐኪሙ ስትሄዱ አንድ ችግር ይገጥማችኋል። ውሻው በእንግዳ ስፍራ ፈርቶ ይቆምና አመሉን ጨርሶ አያሳይም። ስለዚህ አስቀድማችሁ በእጅ ስልካችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቅረጹት፤ በደብተርም ከየትኛው ወር እንደ ጀመረ፥ በቀን በስንት ሰዓት እንደሚነሣበት፥ ከዚያ በፊት በቤቱ ምን እንደ ተፈጠረ፥ የመጨረሻውንም ክትባት ያገኘበትን ቀን ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ።